ስለ ጦር ሜዳዮች አጠባበቅ፣ አጠራረግና አመዘጋገብ

የጦር ሜዳይ ታሪክን ለሚመረምር ሰው በሁለት ወገን ይታያል። በአንድ ወገን የመንግሥት ቃል ነው፤ ይኸውም መንግሥቱ ማንን ጀግና ብሎ እንደ ጠራ፣ ምን ዓይነት ሥራ እንዳከበረ፣ በምን ምልክትና በምን ቋንቋ እንደ ተናገረ ያሳያል። በሁለተኛው ወገን የአንድ ሰው የሕይወት ዕቃ ነው፤ በደረቱ ላይ የተንጠለጠለ፣ በላቡ የወዛ፣ በሚስቱ ሣጥን የተቀመጠ፣ በለቅሶው ቀን ወጥቶ ሕዝብ ያየው ዕቃ ነው። ስለ ፊተኛው ወገን የተጻፈ አይታጣም፤ የኢትዮጵያን ኒሻኖች በየደረጃቸው ዘርዝረው ያሳተሙ የውጭ አገር ሰዎች አሉ። ስለ ሁለተኛው ወገን ግን የተደረገው ምርመራ ጥቂት ነው። በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምሞክረው ይህ ሁለተኛው ወገን የሚድነው ወይም የሚጠፋው በታሪክ ጸሐፊው ጠረጴዛ ላይ ሳይሆን፣ ብዙ ጊዜ እንደ ተራ ሥራ በሚቈጠረው በዕቃ ክፍል ሥራ፣ ማለት በማስቀመጥ፣ በመጥረግና በመመዝገብ ላይ መሆኑን ነው። ዓመታቱ ዓ.ም. ሲባል በኢትዮጵያ፣ እ.ኤ.አ. ሲባል በኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ ስለ ቃላቱ ጥቂት መናገር ይገባል። ኒሻን የሚለው ቃል ከፋርስ ቋንቋ ተነሥቶ በቱርክና በዐረብ አፍ አልፎ ወደ እኛ የደረሰ ሲሆን፣ ሜዳይ ግን ከኤውሮፓ የመጣ ነው። በሥርዓቱ አነጋገር ኒሻን ደረጃ ያለው ነው፤ ከፈረሰኛ ጀምሮ እስከ ታላቁ ኮርዶን ድረስ ይወጣል። ሜዳይ ለአንድ ዘመቻ፣ ለአንድ ዘመን አገልግሎት ወይም ለአንድ ታላቅ በዓል መታሰቢያ የሚሰጥ ነው። የቤተ ሰብ አነጋገር ግን ይህን ልዩነት አያውቀውም፤ ልጅ የአባቱን ሜዳይ ሁሉ ኒሻን ይለዋል። መዝጋቢው ቤተ ሰቡን ለማረም መቸኰል የለበትም። ዕቃውን በሥርዓቱ ስም ከጻፈ በኋላ ባለቤቶቹ የጠሩበትንም ስም አጠገቡ ማስፈር ይኖርበታል፤ ምክንያቱም ያ ስም ዕቃው በቤት ውስጥ የነበረውን ክብር ይነግረናል።

ሜዳይ ወደ ኢትዮጵያ ሲገባ የጀግና ሽልማት ወደማያውቅ አገር አልገባም። ከዚያ በፊት ለምድ፣ የአንበሳ ጎፈር፣ በብር የተለበጠ ጋሻ፣ በወርቅ ያጌጠ ሰይፍ፣ የጆሮ ሎቲ፣ የክንድ አምባር፣ የተሸለመ በቅሎ ከነ ዕቃው፣ ለታላቁም መኰንን ራስ ወርቅ ነበሩ። እነዚህ ሽልማቶች ጽሑፍ አልነበራቸውም። ለማን፣ ለምን፣ በማን እጅ እንደ ተሰጡ የሚታወቀው ሰጪውና ተቀባዩ በአደባባይ ስለ ታዩ፣ ጀግናውም በፉከራው ስለሚያነሣቸው ነው። የሽልማቱ መዝገብ የሕዝቡ ትውስታ ነበር ማለት ይቻላል። ከኤውሮፓ የመጣው ሜዳይ ከዚህ ልማድ ጋር ተጋባ እንጂ አልሻረውም። በየካቲት 23 የዐድዋ በዓል ወይም በሚያዝያ 27 የድል በዓል አሮጌ አርበኞች በለምዱና በጎፈሩ ላይ ሜዳዮቻቸውን ደርድረው መታየታቸው ለዚህ ምስክር ነው። በለምድ ላይ የተሰካ ሜዳይ ከኮት ላይ ከተሰካው የተለየ የመርፌ ምልክትና የተለየ የጀርባ ጭረት ይኖረዋል፤ ይህን ወደ ፊት እንመለስበታለን።

ስለ መንግሥት ኒሻኖች ታሪክ ብዙ አልናገርም። የሰሎሞን ማኅተም ኒሻን በዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ዘመን እ.ኤ.አ. በ1874፣ የኢትዮጵያ ኮከብ ኒሻን ዳግማዊ ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ በ1880ዎቹ እኩሌታ፣ የዳግማዊ ምኒልክ ኒሻን በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን በ1924፣ የሥላሴ ኒሻን በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ ጊዜ በ1930 እንደ ተመሠረቱ የታወቀ ነው። የሠሪዎቹም ማኅተም ይነበባል፤ በመጀመሪያው ዘመን የፓሪሱ አርቱስ ቤርትራን፣ ኋላም የሎንዶኑ ማፒን ኤንድ ዌብ፣ በአዲስ አበባም የአርመኑ አንጥረኛ የሴቫጂያን ቤት ሠርተዋል። ይህ ማኅተም ብዙውን ጊዜ በጀርባ ወይም በመርፌው ሥር በጥቂቱ የተቀረጸ ነው። ባለሙያ ያልሆነ ሰው በኃይል ሲፈትገው መጀመሪያ የሚጠፋው ይኸው ነው፤ እርሱም ሲጠፋ ሜዳዩ በየትኛው ዘመን እንደ ተሠራ ከምንለይባቸው ማስረጃዎች አንዱ አብሮ ይጠፋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። በሜዳዮች መካከል ያለው ትልቁ ልዩነት ወርቅ ወይም ነሐስ መሆናቸው አይደለም፤ ስም ያላቸውና ስም የሌላቸው መሆናቸው ነው። ለዚህ ከሁሉ የተሻለው ምሳሌ በእኛው አገር ላይ ስለ ተደረገ ዘመቻ የተሠራው የእንግሊዝ ሜዳይ ነው። የመቅደላ አምባ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ከወደቀና ዐፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ከሠዉ በኋላ፣ የእንግሊዝ መንግሥት በሚከተለው የኤውሮፓ ዓመት፣ በ1869፣ የአቢሲኒያ ጦርነት ሜዳይ እንዲሠራ ፈቀደ። ከብር የተሠራች፣ ወርዷ 32 ሚሊሜትር ያህል የሆነች ትንሽ ሜዳይ ናት። በፊቷ ዘጠኝ ጫፍ ባለው ኮከብ መካከል የንግሥት ቪክቶሪያ መልክ ይታያል፤ በጫፎቹም መካከል አቢሲኒያ የሚለው ቃል በእንግሊዝኛ ዘጠኝ ፊደሎች አንድ አንድ እየሆነ ተበትኖ ተጽፏል። በጀርባዋ የአክሊል ቅጠል አለ፤ በአክሊሉ ውስጥ የወታደሩ ስምና የክፍለ ጦሩ ስም ከብሩ ጋር አንድ ሆኖ ጐላ ብሎ ተቀርጿል። ከሌሎቹ የእንግሊዝ ሜዳዮች የሚለያት ይህ ነው፤ በሌሎቹ ስም በጠርዝ ላይ ሲመታ፣ በዚህች ላይ ግን የእያንዳንዱ ሰው ስም በጀርባው መካከል ጐልቶ እንዲወጣ ተደርጓል። ለሕንድ ወታደሮች ለብዙዎቹ ግን ስማቸው እንዲሁ ተመትቶ ተሰጥቷል። የተሠሩት ሜዳዮች 14,000 ያህል ናቸው። ከዚህም በላይ ሜዳይ የሚገባቸው ሰዎች ስም ዝርዝር በእንግሊዝ አገር በኪው በሚገኘው የመንግሥት ቤተ መዛግብት ይገኛል።

እንግዲህ ይታሰብ። በመቅደላ ላይ የወጣ አንድ ተራ የእንግሊዝ ወታደር ከ150 ዓመት በላይ ቆይቶ በስሙ ይታወቃል። በአምባው ላይ የቆመው የዐፄ ቴዎድሮስ ወታደር ግን፣ ጋሻው ከተዘረፈውና በደላንታ ሜዳ በጨረታ ከተሸጠው ዕቃ ጋር ሄዶ በአንድ ቤተ መዘክር ቢገኝ እንኳ፣ ስሙ አብሮ አልሄደም። አንድ ሜዳይና አንድ ጋሻ ጐን ለጐን ቢቀመጡ፣ አንዱ ይናገራል፤ ሌላው ዝም ይላል። ይህ ልዩነት የጀግንነት ልዩነት አይደለም፤ የመመዝገብ ልዩነት ነው።

የእኛ ሜዳዮች በአብዛኛው ከስም አልባዎቹ ወገን ናቸው። በጣልያን ወረራ ዘመን በዱር በገደሉ ለተዋጉት አርበኞች ከድል በኋላ የተሰጠው የአርበኝነት ሜዳይ የባለቤቱን ስም አይናገርም። ይልቁንም የሚናገረው በዘንባባው ነው። አርበኛው በበረሃ ላገለገለበት ለየዓመቱ ትንሽ የብረት ዘንባባ በጥብጣቡ ላይ ይሰካለት ስለ ነበር፣ ባለ አምስት ዘንባባ ሲባል ከወረራው መጀመሪያ እስከ ድል ቀን በዱር የቆየ ማለት መሆኑን በዚያ ዘመን የነበረ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። የሰውየው ታሪክ በጥብጣብ ላይ በተሰካ ቀላል ብረት ተቈጥሯል ማለት ነው። ጥብጣቡ ሲያረጅ ዘንባባው ይላላል፤ አንዱ ሲወድቅ የአንድ ሰው አንድ ዓመት ይወድቃል። ሆኖም አሮጌው ጥብጣብ ካልተጣለ ዘንባባው የነበረበት ቦታ በሁለት ቀዳዳና ባልደበዘዘ የጨርቅ ጥላ ይታወቃል። ይህን ቀዳዳ ያየ መዝጋቢ በሦስት ዘንባባ ምትክ አራት እንደ ነበር መጻፍ ይችላል። ይህን አስተውሎ ሳያይ አሮጌውን ጥብጣብ አውልቆ በገበያ በተገዛ አረንጓዴ ብጫ ቀይ ጥብጣብ የተካ ሰው ግን፣ ሜዳዩን ያሳመረ ሲመስለው ምስክሩን አሰናብቶታል።

ስለ ጥብጣብ ሌላ ምሳሌ ልጨምር፤ ምክንያቱም በአንዳንድ የዕቃ ክፍሎች ጥብጣብ እንደ ማንጠልጠያ ብቻ ሲታይ አጋጥሞኛል። እ.ኤ.አ. በ1960 የተባበሩት መንግሥታት ጦር ወደ ኮንጎ ሲላክ ኢትዮጵያም ወታደሮች ልካለች። ለዚያ አገልግሎት የተሰጠው የድርጅቱ ሜዳይ በመጀመሪያ ጊዜ የተንጠለጠለው ቀድሞ ለፍልስጥኤም ታዛቢዎች በተሠራው ሰማያዊና ነጭ ጥብጣብ ላይ ሲሆን፣ ኮንጎ የሚል ዘለበት ተጨምሮበት ነበር። በ1963 ግን ለኮንጎ አገልግሎት አረንጓዴ ያለበት የራሱ ጥብጣብ ተወሰነለት። ብረቱ በሁለቱም ጊዜ አንድ ነው። ስለዚህ ስም የሌለው የኮንጎ ሜዳይ መቼ እንደ ተሰጠ የሚነግረን ጥብጣቡ ብቻ ነው። ሰማያዊውን እንደ ስሕተት ቈጥሮ በትክክለኛው አረንጓዴ የለወጠ ጠባቂ ቢኖር፣ ትክክል መሆኑ ለካታሎጉ እንጂ ለታሪኩ አይደለም።

ኮርያም ከዚህ ጋር ይነሣል። የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ በ1943 ዓ.ም. ሚያዝያ መጨረሻ ፑሳን ወደብ ደርሶ ከአሜሪካ ሰባተኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ተዋግቷል፤ ከእርሱም በኋላ ሌሎች ሻለቆች ተተክተዋል። የተባበሩት መንግሥታት ስለዚህ ጦርነት የሠራው የነሐስ ሜዳይ በልዩ ልዩ ቋንቋዎች የተቀረጸ ሲሆን ለኢትዮጵያውያን የተሰጠው በአማርኛ ተጽፎበታል። ብዛቱ ከእንግሊዝኛው ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ነው። ትምህርቴን በውጭ አገር ስከታተል በአንድ ቤተ መዘክር ዕቃ ክፍል ከእነዚህ አንዱን አይቻለሁ፤ በካርዱ ላይ የተጻፈው ፊደሉ ያልታወቀ የምሥራቅ አገር ሜዳይ የሚል ነበር። በዚያ ክፍል ውስጥ ሥርዓት አልጐደለም፤ ሙቀቱም እርጥበቱም በመሣሪያ ይለካ ነበር፤ ሜዳዩም በንጹሕ ወረቀት ተጠቅልሎ ነበር። የጐደለው ፊደሉን የሚያነብ ሰው ብቻ ነው። ንጹሕ አቀማመጥና ትክክለኛ መዝገብ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ያን ቀን እንዳየሁት በሌላ ጊዜ አላየሁም።

ስም የሌለውን ሜዳይ ከባለቤቱ ጋር የሚያያይዙት እንግዲህ አራት ነገሮች ናቸው ማለት ይቻላል፤ የሽልማቱ ወረቀት፣ አብረውት ያሉት ሌሎች ሜዳዮች፣ በላዩ ያለው የመልበስ ምልክትና የቤተ ሰቡ ቃል። ከእነዚህ መካከል በቀላሉ የሚፈርሰው ሁለተኛው ነው። አንድ ሰው የአርበኝነት ሜዳይ፣ የድል ኮከብ፣ የኮርያ ሜዳይና የኮንጎ ሜዳይ በአንድ አሞሌ ላይ ደርድሮ ቢተው፣ ድርድሩ ራሱ የሕይወት ታሪክ ነው፤ በልጅነቱ በዱር የነበረ፣ ኋላ በክብር ዘበኛ የገባ፣ በሁለት አገር የዘመተ ሰው ከፊታችን ይቆማል። ሜዳዮቹን በዓይነት በዓይነት ለያይቶ አርበኛውን ከአርበኛ፣ ኮርያውን ከኮርያ ጋር በየመሳቢያው የሚያከማች አሠራር ለኤግዚቢሽን ያምራል፤ ነገር ግን አራት ሜዳይ ይተርፈናል እንጂ ሰውየው አይተርፍም። ስለዚህ በእኔ አስተያየት የመጀመሪያው ሕግ አብሮ የመጣውን አብሮ ማኖር ነው፤ ድርድሩ ስሕተት ቢመስል እንኳ። የኮርያው ከአርበኝነቱ በፊት ተሰክቶ ቢገኝ፣ ምናልባት ባለቤቱ የሚበልጥበትን የሚያውቀው እርሱ ነው።

በ1967 ዓ.ም. መጀመሪያ የዘውዱ ሥርዓት ሲቀር የዘውዱ ኒሻኖችም መሰጠታቸው ቀረ። በብዙ ቤት ሜዳዮቹ ከግድግዳ ወርደው በሣጥን ሥር ገቡ፤ ወረቀቶቹ የንጉሠ ነገሥቱ ማኅተም ስለ ነበረባቸው ከሜዳዮቹ ተለይተው የተቀበሩ ወይም የተቃጠሉ አሉ። ብሩም በቸገረ ጊዜ ወደ አንጥረኛ ሄዷል። በእነዚያ ዓመታት ምክንያት ዛሬ ወደ ቤተ መዘክር የሚመጣው ሜዳይ ብዙ ጊዜ ያለ ወረቀት ነው። ስለዚህ በቀሩት ማስረጃዎች ላይ ያለው ጥንቃቄ እጥፍ መሆን አለበት።

ስለ አጠራረግ ስንናገር ሰዎች አስቀድመው የሚጠይቁት በምን እንደሚጠረግ ነው፤ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት ግን መጠረግ አለበት ወይ ተብሎ ነው። ብር የሚጠቁረው በአየር ውስጥ ካለው ከድኝ ወገን ጋር ሲገናኝ ነው። ጥቁሩ ራሱ ከብሩ የተሠራ ስለ ሆነ፣ ጥቁሩን ባነሣን ቍጥር ከሜዳዩ ጥቂት ብር እናነሣለን። በመቅደላው ሜዳይ ላይ ጐልተው የወጡት የስም ፊደሎች ከሁሉ በፊት ስለሚፈተጉ፣ ለዓመታት የተወለወለ ሜዳይ ንግሥቲቱን ጠብቆ ወታደሩን ያጠፋል። በወርቅ የተቀቡት የእኛ ኒሻኖች ደግሞ የወርቃቸው ልባስ እጅግ ስስ ነው፤ በአመድና በሎሚ፣ ወይም በጥርስ ዱቄት፣ ወይም በወታደር ቤት የቀበቶ ዘለበት በሚወለወልበት በብራሶ ቢፈተጉ ከሥሩ ያለው ብረት ቶሎ ይወጣል። በገበያ የሚሸጠው ብር መንከሪያ ፈሳሽ ከዚህ ይብሳል፤ ቀለሙን በአንድ ጊዜ አንጽቶ የተቀረጸውን ጥልቀት የሌለው ነጭ አድርጎ ይተወዋል። በኒሻን ኮከቦች ላይ ያለው ኤናሜል ብርጭቆ ስለ ሆነ ይሰነጠቃል፤ ፈሳሽ በስንጥቁ ገብቶ ከሥር ያለውን ብረት ያዝጋል። ታላላቆቹ የደረት ኮከቦች ደግሞ ከብዙ ቁራጭ ተገጣጥመው የተሠሩ ስለ ሆኑ የገባባቸው ውሃ መውጫ አያገኝም።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት ማስተዋል ያስፈልጋል። ወታደሩ ራሱ ለበዓል ቀን የወለወለው ሜዳይ ልስላሴው የታሪኩ ክፍል ነው፤ በዚያ ልስላሴ ውስጥ የባለቤቱ ኩራትና የወታደር ቤት ሥርዓት አለ። ጠባቂው በጠረጴዛው ላይ የሚያደርገው ውልወላ ግን የማንም ታሪክ አይደለም። ሁለቱ አንድ ላይ ከተደረቡ በኋላ መለየት አይቻልም። ስለዚህ ከአቧራ በለስላሳ ብሩሽ ማራገፍ፣ በእጅ ጓንት መያዝ፣ የእጅ ቅባት ያለበትን ቦታ በንጹሕ ጥጥና በጥቂት አልኮል ቀስ ብሎ መንካት፣ ያውም ኤናሜልና ጥብጣብ በሌለበት ቦታ ብቻ፣ ለአብዛኛው ሜዳይ ይበቃል። ከዚህ የሚያልፍ ሥራ የሚያስፈልገው ዕቃው እየሞተ ሲሆን ነው። ይህም በነሐስ ላይ ይታያል፤ ላቡ ከጨው ጋር በነሐስ ውስጥ ከቆየ ክሎራይድ ሠርቶ እንደ ዱቄት የሚረግፍ ፈዛዛ አረንጓዴ ይሆናል። ይህ በእኩል የተነጠፈውና ነሐስን የሚጠብቀው ጥቁር አረንጓዴ አይደለም፤ እያደገ የሚበላ ሕመም ነው። እንዲህ ያለው ሜዳይ ከሌሎቹ ተለይቶ ወዲያው በደረቅ ቦታ መቀመጥና በኬሚስትሪ ዐዋቂ እጅ መታየት አለበት።

የአቀማመጡ ችግር ከዚሁ ይነሣል። ነሐስ ደረቅ አየር ይወዳል፤ እርጥበቱ ከመቶ 40 በላይ ሲወጣ ያ አረንጓዴ ሕመም ይነሣበታል። የሐር ጥብጣብ ግን እጅግ ሲደርቅ ይሰባበራል። ሜዳዩና ጥብጣቡ ሊለያዩ የማይገባቸው አንድ ዕቃ ስለ ሆኑ ጠባቂው በሁለቱ መካከል መፍረድ አለበት። በእኔ አሳብ ነሐሱ የታመመ ከሆነ ለነሐሱ፣ ጤነኛ ከሆነ ወደ ጥብጣቡ ጥቂት ማዘንበል ይገባል፤ ከሁሉ በላይ ግን አየሩ እንዳይለዋወጥ ነው። 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ባላት በአዲስ አበባ በበጋና በክረምት መካከል ያለው የእርጥበት ልዩነት ትልቅ ነው፤ በሐምሌ የተነፋው እንጨትና ጨርቅ በጥር ይኰማተራል። ውድ መሣሪያ የማይገኝበት ቦታ በደንብ የሚከደን የፖሊኤቲሊን ሣጥንና በውስጡ የሚቀመጥ ሲሊካ ጄል፣ ሲሞላም አሙቆ ማድረቅ፣ ብዙ ይረዳል። ነገር ግን ፕላስቲክ ሁሉ አንድ አይደለም። በገበያ የሚገኘው ለስላሳ የፒ ቪ ሲ ኪስ ሲያረጅ አሲድ ያወጣል፤ ብዙ ሰብሳቢዎች ሜዳዮቻቸውን የሚያበላሹት ለመጠበቅ ብለው በገዙት በዚህ ነው። በመሳቢያ ውስጥ የሚነጠፈው የሱፍ ጨርቅና ላስቲክም ድኝ ስላለባቸው ብርን ያጠቁራሉ፤ አዲስ እንጨትም ኮምጣጣ ትነት ያወጣል። አሲድ የሌለው ወረቀት፣ ታጥቦ የለሰለሰ ያልተቀለመ ጥጥ፣ ጨለማ፤ ይህ ይበቃል። ጥብጣብ በብርሃን የደበዘዘ እንደ ሆነ የሚመልሰው ስለሌለ፣ በኤግዚቢሽን የሚታየው ብርሃኑ ከ50 ሉክስ ባይበልጥና በየጊዜው ቢለዋወጥ መልካም ነው። ከተገኘበት ጊዜ ጀምሮ የዛገው መርፌ ቍልፍ ጨርቁን የሚበላ ከሆነ ይነሣል፤ ነገር ግን አይጣልም፤ ከሜዳዩ ጋር በራሱ ወረቀት ተጠቅልሎ ይቀመጣል።

በመጨረሻ ስለ መዝገቡ እናገራለሁ፤ ከሁሉ የሚከብደውም እርሱ ነው። መመዝገብ ከመጥረግ ይቀድማል። ዕቃው እንደ መጣ፣ አቧራውም ሳይራገፍ፣ በሁለቱም ፊት ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ወርዱ በሚሊሜትር፣ ክብደቱ በግራም ይለካል። የተጻፈበት ቃል ፊደል በፊደል ይገለበጣል፤ ሀ በሐ ፈንታ ተጽፎ ቢገኝ አይታረምም፤ በውጭ አገር የተሠሩት ኒሻኖች ላይ የሚታየው የአማርኛ ቀራጭ ስሕተት ስለ ሠሪው ዘመንና ቦታ ያስረዳልና። ቍጥሩ በብረቱ ላይ አይጫርም፤ በእርሳስ በተጻፈ ካርድ በጥጥ ክር ይታሰራል፤ ቀለም በእርጥበት ስለሚፈስ እርሳስ ይሻላል። ቍጥሩ የገባበትን ዓመት፣ የስጦታውን ተራና በስጦታው ውስጥ የዕቃውን ተራ ቢያሳይ፣ አብረው የመጡት ዕቃዎች በመሳቢያ ቢለያዩ እንኳ በመዝገብ አይለያዩም።

ዘመን አጻጻፉ ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ በዓል የተደረገው ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ሲሆን ይህ በኤውሮፓ 1930 ነው። አንድ መዝጋቢ 1923 ብሎ ብቻ ቢጽፍ፣ ከእርሱ በኋላ የመጣው የውጭ አገር ተማሪ የዘውዱን ሜዳይ ከዳግማዊ ምኒልክ ኒሻን በፊት የተሠራ አድርጎ ያነበዋል፤ ሌላው 1930 ብሎ ቢጽፍ ደግሞ አንዱ በዓል ሁለት ይሆናል። ስለዚህ ዓመት ያለ አቈጣጠሩ ስም በካርድ ላይ ሊጻፍ አይገባውም።

የቤተ ሰቡ ቃል በመዝገቡ ውስጥ የራሱ ቦታ ይኑረው። ማን እንደ ተናገረ፣ ለባለ ሜዳዩ ምኑ እንደ ሆነ፣ በየትኛው ቀን እንደ ተነገረ ተጽፎ፣ መዝጋቢው ራሱ ያየው ግን ለብቻው ይጻፍ። ሁለቱ ቢቃረኑ ሁለቱም ይቆዩ። ሜዳዩ የጠፋበት አሮጌ ወታደር ለበዓል እንዲለብሰው በአንጥረኛ ዘንድ ያሠራው ሜዳይ ሲገኝም ሐሰተኛ ብሎ መጻፍ አይገባም፤ ለመሸጥ ከተሠራው ሐሰተኛ ፈጽሞ የተለየ ነውና፣ በባለቤቱ ያሠራው ቅጂ ተብሎ ይመዝገብ። በለቅሶው ቀን ከአስከሬኑ ፊት በትራስ ላይ የተያዘ እንደ ሆነ፣ ወይም በፎቶግራፉ ላይ ተሰፍቶ የኖረ እንደ ሆነ፣ ይህም ይጻፍ፤ በጀርባው ያለው የስፌት ክር ከዚያ የመጣ ሊሆን ይችላልና። ቀደም ብዬ ያነሣሁት የለምዱና የኮቱ ምልክት ልዩነትም የሚመዘገበው እዚህ ነው።

ከሁሉ የሚያስቸግረው በአንድ ሣጥን ውስጥ የሁለት ወገን ሜዳይ ሲገኝ ነው። ጣልያኖች ለአፍሪካ ዘመቻዎች እ.ኤ.አ. በ1894 ያቆሙት የንጉሥ ኡምቤርቶ ሜዳይ ለባንዲራቸው ለተዋጉ አስካሪዎችም ተሰጥቷል፤ ከ1928 ዓ.ም. ወረራ በኋላም ሌሎች ተሠርተዋል። በአንዳንድ ቤት የአያት የጣልያን ሜዳይና የልጅ የአርበኝነት ሜዳይ በአንድ ጨርቅ ታስረው ይገኛሉ። በ1933 ዓ.ም. አብረውን ከተዋጉት መካከልም በእንግሊዝ ጦር የነበሩ ሰዎች የተቀበሉት የአፍሪካ ኮከብ ሊገኝ ይችላል፤ ይህም ኮከብ ለእንግሊዝ ወታደሮች ያለ ስም ሲሰጥ ለደቡብ አፍሪካ ወታደሮች ግን ስማቸውና ቍጥራቸው ተመትቶበት ተሰጥቷል፤ ስለዚህ ጀርባውን ሳያዩ መመዝገብ አይገባም። ቤተ ሰቡ የጣልያኑን ሜዳይ እንዳይጻፍ ቢለምን፣ መዝጋቢው የሚገባበት ችግር ቀላል አይደለም። እኔ የምመክረው ዕቃው ሳይለይ እንዲመዘገብ፣ የአያቱ ስም ግን ቤተ ሰቡ እስኪፈቅድ ድረስ በተዘጋ ካርድ እንዲቀመጥ፣ በግልጹም መዝገብ ላይ ከዚህ ቍጥር ጋር የተዘጋ ካርድ አለ ተብሎ እንዲጻፍ ነው። ባለቤቱ ፈጽሞ ያልታወቀ ሜዳይ ደግሞ በግምት ስም አይሰጠው፤ ያልታወቀ ተብሎ ይጻፍ፤ የዘንባባው ቍጥር፣ የቀዳዳው ቍጥር፣ የመርፌው ዓይነትና የተገኘበት አውራጃ ተጽፎለት፣ አንድ ቀን ወረቀቱን ይዞ የሚመጣ ሰው ካለ ሊያገኘው በሚችልበት መሳቢያ ይቀመጥ።